ጨው ባሕር በጭቃው ያኖረው መዝገብ፦ የጥንት በረሃ አየር ንብረት እንዴት ይነበባል?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ፣ በሰሃራ ጫፍ፣ በሁለት ቀን ብቻ የዓመቱን አማካይ የሚያልፍ ዝናብ የወረደባቸው አካባቢዎች ነበሩ። ለ50 ዓመት ገደማ ደርቆ የኖረው የኢሪኪ ሐይቅም ውሃ ያዘ። በአሸዋ ክምር መሃል ውሃ የተኛበት ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተቀባበሉት፤ ከፎቶው ጋርም ሁለት ድምዳሜዎች አብረው ዞሩ። አንዱ «ሰሃራ ወደ ቀድሞ ልምላሜው እየተመለሰ ነው» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ሰሃራ ድሮም ለምልሞ፣ ድሮም ደርቆ የሚያውቅ ከሆነ፣ ዛሬ የምንሰማው የአየር ንብረት ለውጥም ያው የተፈጥሮ ዑደት ነው» ይላል።

ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ እውነት ነው፤ ሰሃራ በእርግጥ ለምልሞ ያውቃል። ወዴት እንደሚደርሱ ለመመዘን ግን ያ እውነት ራሱ ከየት እንደተገኘ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ10,000 ዓመት በፊት ዝናብ የለካ ሰው የለም። የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተቀዳው ከሐይቅና ከባሕር ወለል ተቆፍሮ ከወጣ ጭቃ ነው። በዚህ ጥናት ከዓለም በብዛት ከሚጠቀሱት ቦታዎች አንዱም በአገራችን ደቡብ፣ ከቦረና በስተምዕራብ የሚገኘው ጨው ባሕር ነው። ቦረና ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከድተውት፣ ከብቱን ቀብሮ ሳያበቃ በ2023 መጨረሻ ጎርፍ የወረደበት አገር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከኛ የራቀ አይደለም።

ጭቃው እንዴት ይወጣል?

ጨው ባሕር ዛሬ ስሙን የሚመስል ቦታ ነው፤ በአብዛኛው ዓመት የተሰነጣጠቀ ጭቃና ጨው የተነጠፈበት ሜዳ ሲሆን፣ ጥሩ ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሰሜን ጥልቀት የሌለው ውሃ ይተኛበታል። የአውሮፓ ተጓዦች እ.ኤ.አ. በ1888 ሲደርሱበት ግን ሐይቅ ነበር። ከአንዲት ልዕልት ስም ወስደው «ስቴፋኒ» ብለውት፣ በቆዩ ካርታዎች ላይ አሁንም በዚሁ ስም ይገኛል። የወይጦና የሰገን ወንዞች ከደጋው የሚያወርዱት ደለል መውጫ በሌለው በዚህ ጎድጓዳ ቦታ ሲደራረብ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም ያሉበት፣ በዚህ ሜዳ ላይ ሁለት ጉድጓዶችን ጎን ለጎን ቆፈረ። መቆፈሪያው ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ስለሆነ አፈሩን ሳያደበላልቅ እንደ ሸንኮራ አገዳ ዘንግ አድርጎ ያወጣዋል። ባለሙያዎቹ ይህን ዘንግ «ኮር» ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ «የደለል ዓምድ» እያልን እንቀጥላለን። ጉድጓዶቹ ሁለት የሆኑት በአንዱ የተቆረጠውን በሌላው ለመሙላት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ 293 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወደ 620,000 ዓመት የሚዘልቅ መዝገብ ሆነ። ሥራው በኢትዮጵያና በኬንያ የጥንት ሰው ቅሪቶች ከተገኙባቸው ሥፍራዎች አጠገብ የቆዩ ሐይቆችን ለመቆፈር የተነደፈ ትልቅ ፕሮጀክት አካል ነው።

ቁጥሩን ወደ ቅርባችን እናምጣው። 293 ሜትሩን ለ620,000 ዓመት ብናካፍል፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ጭቃ በአማካይ የ21 ዓመት ገደማ ታሪክ ይይዛል። በዚህ ሒሳብ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ዘመን ከክንድ ባነሰ ጥልቀት ላይ ነው፤ የአክሱም ሐውልቶች ዘመንም አንድ ሜትር አይሞላም። ደለሉ እኩል ፍጥነት ጠብቆ ስለማይጠራቀም ይህ አማካይ ስሌት ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ግን ገና ከ290 ሜትር በላይ አለ።

ከጭቃ ወደ ዝናብ

ጭቃው ውስጥ ዝናብ የለም። ያለው የዝናብ ምልክት ነው። በሳይንሱ ቋንቋ «ፕሮክሲ» የሚባለው ይህ ነው፤ በቀጥታ ሊለካ የማይችለውን ነገር ወክሎ የሚመሰክር፣ ሊለካ የሚችል ነገር።

ለጨው ባሕር ዋናው ምስክር ፖታሲየም ሆኖ ተገኘ። የደለሉ ዓምድ ቁመቱን ተከትሎ ለሁለት ይሰነጠቅና፣ ጠፍጣፋው ፊቱ በኤክስሬይ መሣሪያ ሥር ቀስ እያለ ያልፋል። መሣሪያው በየነጥቡ የትኛው ንጥረ ነገር ምን ያህል እንዳለ ይመዘግባል። ሐይቁ ሲተንና ውሃው ጨዋማ ሲሆን፣ ከደጋ የወረደው የሸክላ አፈር ማዕድን ይለወጥና ፖታሲየምን በውስጡ አስሮ ያስቀራል። ስለዚህ በዚህ ሐይቅ ፖታሲየም የበዛበት ንብርብር የድርቅ ዘመን፣ ያነሰበት የእርጥብ ዘመን ተደርጎ ይነበባል። «በዚህ ሐይቅ» ማለታችን በምክንያት ነው። በሌላ ሐይቅ የፖታሲየም መብዛት ብዙ አፈር በጎርፍ መታጠቡን፣ ማለትም ተቃራኒውን፣ ሊያመለክት ይችላል። ምልክቱ የሚነበበው ቦታው ታውቆ ነው።

ሌሎች ምስክሮችም አሉ። ዳያቶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የውሃ አካላት ከብርጭቆ መሰል ነገር የተሠራ ቅርፊት አላቸው፤ በጨዋማ ውሃ የሚኖሩት ዝርያዎች ከጨው አልባዎቹ ስለሚለዩ፣ ቅርፊታቸው የውሃውን ጣዕም ይናገራል። የአበባ ብናኝ በዙሪያው የበቀለው ሣር ይሁን ዛፍ፣ የቆላ ቁጥቋጦ ይሁን የደጋ ጥድ ይነግረናል። የቅጠሎች ሰም ደግሞ ተክሉ የጠጣውን የዝናብ ውሃ የሃይድሮጅን አሻራ ይዞ ለሺህ ዓመታት ይቆያል። ከነዚህ አንዱም ብቻውን አይበቃም። ሦስት አራቱ ተገናኝተው አንድ ነገር ሲሉ ነው ፍርዱ የሚጸናው።

ዕድሜውን ማን ይናገራል?

ምልክቱን ማንበብ የሥራው ግማሽ ነው። «ድርቅ ነበር» ማለት «መቼ?» ካልተመለሰ ብዙ አይጠቅምም።

በስፋት የታወቀው የራዲዮካርቦን ዘዴ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ብቻ ይሠራል። በዚያም ላይ በሐይቅ ውስጥ ወጥመድ አለበት፦ ከመሬት ሥር ወይም ከአለት የሚመጣ አሮጌ ካርቦን ውሃው ውስጥ ሲገባ፣ በውሃው የኖረው ፍጡር ከትክክለኛ ዕድሜው ያረጀ መስሎ ይታያል። ከዚያ ወደኋላ ላለው ሌላ መንገድ ይፈለጋል። አንዱ የአሸዋ ቅንጣቶች ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያዩበትን ዘመን መለካት ነው። ሌላው፣ ለስምጥ ሸለቆ የተለየ ጸጋ የሆነው፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ ኬሚካዊ አሻራ ያለው አመድ ስለሚበትን፣ በጭቃው መካከል የተገኘ ቀጭን የአመድ ንብርብር ዕድሜው በሌላ ቦታ ከተለካ አመድ ጋር ይገጣጠማል። በኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የጥንት ሰው አጥንቶች ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 230,000 ዓመት ገደማ ከፍ የተደረገው፣ ከአጥንቶቹ በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የወጣ መሆኑ በዚሁ መንገድ ስለታወቀ ነው።

ለጨው ባሕር ዓምድ እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ተጣምረው ሠርተዋል። ያም ሆኖ ከጥቂት መቶ ሺህ ዓመት በፊት ላለ ንብርብር የዕድሜ ስሕተቱ ሺዎች ዓመታት ሊሆን ይችላል። «በዚህ ዓመት ዝናብ መጣ፣ በዚያው ዓመት የሰው ልጅ ተሰደደ» የሚሉ ዘገባዎች ሲነበቡ ይህን ማስታወስ ይገባል።

ሐይቅ ሁሉ ዝናብን አይለካም

አንባቢ በዚህ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሐይቅ የሚሞላውና የሚጎድለው በዝናብ ብቻ ነውን? አይደለም፤ ለዚህም ማስረጃው ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ መንገድና ሐዲድ አስነሥቷል። ምክንያቱ የዝናብ መብዛት አይደለም፤ ባለሙያዎች የመስኖ ውሃ ወደ ከርሰ ምድር መግባቱንና የሥምጥ ሸለቆውን የመሬት ውስጥ ውሃ ለውጥ ነው የሚያነሡት። የሐረማያ ሐይቅ በአንጻሩ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ ለከተማና ለመስኖ የተሳበው ውሃና ደለሉ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የአብያታ መሸሽም እንዲሁ ከመስኖና ከሶዳ አሽ ምርት ጋር ይያያዛል።

ከ10,000 ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ የበሰቃን ጭቃ ብቻ ቆፍሮ ቢያነብ፣ በኛ ዘመን ዝናቡ በዝቶ ነበር ብሎ ይጽፍ ነበር።

ለዚህ ነው ጥናቱ በአንድ ሐይቅ የማይቆመው። የዝዋይ፣ የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ ተገናኝተው አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ የሻላ ውሃ ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የጥንቱ ዳርቻ ዛሬም በኮረብታዎቹ ጎን ላይ ይታያል። በተመሳሳይ ዘመን አባያና ጫሞ ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕር ወደ ቱርካና፣ ቱርካና ወደ ናይል ተፋሰስ ይፈሱ ነበር። በቻድ የነበረው ሐይቅ ደግሞ ከ340,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን እንደነበር ይገመታል። ይህ ሁሉ በአንድ ዘመን ሲገጣጠም የአካባቢ አጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም።

የበረሃ ሐይቅ ሌላም ችግር አለው፤ ሲደርቅ የራሱን መዝገብ ያጠፋል። በቻድ የቦደሌ ረባዳ ነፋሱ የጥንቱን ሐይቅ ወለል እየፋቀ፣ የዳያቶሙን ነጭ ዱቄት አንሥቶ አትላንቲክን ያሻግረዋል። የሺህ ዓመታት ገጾች በየዓመቱ በነፋስ እየተገነጠሉ ናቸው። ጨው ባሕር ተፈላጊ የሆነውም በደረቀ ዘመን እንኳ ከዙሪያው ተራሮች ደለል ስለሚቀበል ነው።

ሰሃራ ለምን ለመለመ?

የምድር ዛቢያ እንደሚዞር እንዝርት አናቱን ያወላውላል። አንድ ዙር ከ20,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ዛሬ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጥር መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብርድ ጊዜ ነው። ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ ግን ቅርበቱ በዚያው ንፍቀ ክበብ የሙቀት ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ላይ ስለዋለ፣ ሰሜን አፍሪካ በዚያ ወቅት ከዛሬው ከ7 እስከ 8 በመቶ የበለጠ የፀሐይ ኃይል ያገኝ ነበር። የብሱ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ በቦታውም ከውቅያኖስ እርጥብ ነፋስ ይገባል። ሞንሱን የሚባለው ይህ ወቅታዊ ነፋስ በርትቶ ዝናቡን ወደ ሰሃራ መሃል አስገባው። ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከ5,500 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ የቆየው ይህ ጊዜ የአፍሪካ እርጥብ ዘመን ይባላል።

ወደ መነሻችን እንመለስ። «ያው የተፈጥሮ ዑደት ነው» ለሚለው ክርክር መልሱ እዚህ ላይ ነው። ዑደቱ አለ፤ ግን የሚንቀሳቀሰው በሺዎች ዓመታት ነው፤ በአሁኑ ጊዜም የሰሜኑን የሙቀት ወቅት የሚያጋግል ቦታ ላይ አይደለም። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የታየውን ሙቀት ሊያስረዳ አይችልም። በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያ እርጥብ ዘመን ከሚሊዮን እጅ 260 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። የኢሪኪ ሐይቅ መሙላትም የአንድ መጸው ዝናብ ነው፤ የዘመን ለውጥ ለመባል ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሰሃራ የደረቀው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ቀስ በቀስ?

ተመራማሪዎችን ለሁለት የከፈለው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለቱም ወገን ያቀረበው ጭቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 ከሞሪታኒያ ዳርቻ ከባሕር ወለል የወጣ ዓምድ ጥናት ታተመ። ከሰሃራ በነፋስ ወደ አትላንቲክ የሚገባው አቧራ ከ5,500 ዓመት በፊት ገደማ በድንገት አሻቅቧል። የሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ቀስ እያለ ሲቀንስ መሬቱ ግን አንድ ገደብ ላይ ደርሶ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ወደ በረሃ ተገለበጠ የሚል ንባብ ተሰጠው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በሰሜን ቻድ ከዮዋ ሐይቅ የወጣ ዓምድ ሌላ ነገር ተናገረ። ዮዋ በዓመት ስድስት ሜትር ገደማ ውሃ የሚተንበት፣ ዝናብ ከናካቴው የማይጥልበት ሐይቅ ነው ማለት ይቻላል፤ እስከ ዛሬ ያቆየው ከዚያው እርጥብ ዘመን የተረፈ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጭቃው በየዓመቱ እንደ ስስ ወረቀት ስለተነባበረ ዓመታቱ ሊቆጠሩ ይችላሉ። በውስጡ ያለው የአበባ ብናኝ የዛፎች መጥፋት፣ የሣር መስፋፋት፣ በመጨረሻም የበረሃ ተክሎች መምጣት በሺዎች ዓመታት ቀስ በቀስ የሆነ መሆኑን አሳየ። ውሃው ራሱ ግን ከ4,000 ዓመት በፊት ገደማ በአንጻራዊ ፍጥነት ጨዋማ ሆነ።

እንዴት ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ? የባሕሩ ዓምድ የሰፊ አገርን አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራ ደግሞ ሐይቆች ደርቀው ወለላቸው ሲጋለጥ በአንዴ ይበዛል። የዮዋ ዓምድ የአንድን አካባቢ ተክል ይመሰክራል፤ ያም አካባቢ በከርሰ ምድር ውሃ የተደገፈ ነበር። በዚህ ጸሐፊ እምነት «ድንገት ወይስ ቀስ በቀስ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጠባብ ነው። ዝናቡ ቀስ እያለ ሲቀንስ፣ ከርሰ ምድር ውሃ የሌለው ቦታ ቀድሞ ይወድቃል፤ ያለው ይዘገያል። የሰው እጅስ? ከብት አርቢዎች ሣሩን አስግጠው ድርቀቱን አፋጥነውታል የሚሉ አሉ። ተቃራኒው፣ ማለትም አርብቶ አደሮች በዘላን አኗኗራቸው መሬቱን ጠብቀው ውድቀቱን አዘግይተውታል የሚል ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። እስካሁን ጭቃው ለየትኛውም ቁርጥ ያለ ፍርድ አልሰጠም።

ጨው ባሕር በዚህ ክርክር ላይ ሦስተኛ ነገር ጨመረ። በ2024 የታተመ ጥናት የእርጥቡን ዘመን ማብቂያ አጉልቶ ሲመለከት፣ በማብቂያው አካባቢ ቢያንስ 14 የድርቅ ጊዜያት ተገኙ። እያንዳንዱ ከ20 እስከ 80 ዓመት የቆየ፣ በየ160 ዓመቱ ገደማ የሚመላለስ ነበር። በመካከላቸው ዝናቡ ይመለሳል። ጋዙ ሊያልቅ የተቃረበ ኩራዝ ድርግም ከማለቱ በፊት ደጋግሞ እንደሚርገበገበው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን መርገብገብ ሥርዓቱ ወደ መገልበጫው መቃረቡን የሚጠቁም የማስጠንቀቂያ ምልክት ሊሆን ይችላል ብለው አቅርበውታል። ለአንድ ሐይቅ የታየው ለሌሎችም ይሠራል ለማለት ግን ተመሳሳይ ጥራት ያላቸው ዓምዶች ያስፈልጋሉ።

ለዛሬ ምን ይነግረናል?

ቦረናዎች ዋናውን ዝናባቸውን «ገና»፣ አነስተኛውን «ሐጋያ» ይሉታል፤ የመጀመሪያው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ይጥላል። ሁለቱም ከሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ጋር የተያያዙ ናቸው። የአየር ንብረት ሞዴሎች፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሰሉ የነገ ትንበያዎች፣ በብዛት ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት እርጥብ እንደሚሆን ያመለክታሉ። በአንጻሩ ባለፉት አሥርት ዓመታት የተለካው የ«ገና» ወቅት ዝናብ በተደጋጋሚ ቀንሷል። ይህ ቅራኔ ገና አልተፈታም፤ የጭቃው መዝገብ ተግባራዊ ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ለጥንቱ ዘመን መልሱ ስለሚታወቅ ሞዴሎቹን እንደ ተማሪ መፈተን ይቻላል። የሰሃራን ልምላሜ እንዲያሰሉ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከጭቃው ምስክርነት ያነሰ ዝናብ ነው የሚሰጡት። ተክል፣ አቧራና እርጥበት እርስ በርስ የሚያባብሱትን ለውጥ ገና በሚገባ አልያዙትም ማለት ነው። ያለፈውን ያሳነሰ ሞዴል የወደፊቱንም መዋዠቅ ሊያሳንስ ይችላል።

ለእቅድ አውጪ ትልቁ ነጥብ የድርቁ ርዝመት ነው። ግድቦቻችን፣ የመስኖ ሥራዎቻችንና የውሃ ጉድጓዶቻችን የሚነደፉት ከጥቂት አሥርት ዓመታት በማይበልጥ የዝናብ ልኬት ላይ ተመሥርተው ነው። ዓምዱ ግን የሰው እጅ ሳይኖርበት ለ80 ዓመት የዘለቀ ድርቅ በዚያው ምድር እንደነበር ያሳያል።

ከ620,000 ዓመቱ መዝገብ የሰው ልጅን አመጣጥ የሚመለከተው ክፍልም ተጠንቷል። ከ275,000 እስከ 60,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እርጥበትና ድርቀት በፍጥነት መፈራረቃቸው፣ የእኛ ዝርያ በአካባቢው ብቅ ካለበትና የድንጋይ መሣሪያው ከረቀቀበት ዘመን ጋር ይገጥማል። መፈራረቁ ሰውን ብልህ አድርጎታል የሚለው መላምት ከዚህ ይነሣል። መገጣጠም ግን ምክንያትነትን አያረጋግጥም፤ አጥንቶቹ ጥቂቶች ናቸው፣ የዕድሜ ስሕተቱም ሰፊ ነው።

የዓምዱ ወሰን መጨረሻ ላይ የሚታየው ከራሳችን ዘመን ጋር ሲነጻጸር ነው። በጨው ባሕር አማካይ ፍጥነት 20 ዓመት የቆየ ድርቅ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ከጨው ባሕር በስተምሥራቅ የቦረናን ከብት የፈጀው ድርቅ፣ በዚሁ ልክ አንድ ሚሊ ሜትር ጭቃ ነው።